የቦታ ስም የማን ነው?



በዚህ ጽሑፍ ለውይይት የማቀርብላችሁ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲያዩት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም የቦታ ስም ነገር ነው። «ስም ቢኖረው ባይኖረው ተራራው ያው ተራራ፥ ወንዙም ያው ወንዝ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከዚህ አሳብ ብዙ የራቅሁ አልነበርሁም። ዳሩ ግን በዕረፍቱ ወራት በገጠመኝ ነገር ምክንያት፥ ስም መመዝገብ የኅሊና ጥያቄ የሚያስነሣ ሥራ መሆኑን ተረድቻለሁ። ስለዚህ የሆነውን በቅደም ተከተል ላስረዳችሁና ከዚያ በኋላ ጥያቄውን አብረን እንመርምረው።

የተወለድሁባት አጥቢያ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከአዴት ከተማ ተነሥቶ ወደ ደጋው ለሚወጣ ሰው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ በኮረብታ አናት ላይ በጽድና በወይራ ተከብባ ከሩቅ ትታያለች። ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ከአጥቢያው አንድ ታላቅ ሽማግሌ ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት ሽማግሌዎች አንድ ልጅ ጠርተው «ሮጠህ ላይ ሾላ ላሉት ዘመዶች ንገር» አሉት። ልጁ ቆሞ ቀረ። ላይ ሾላ የት እንደ ሆነ አያውቅም። እኔን አየኝ፤ እኔም አላውቅም። አጠገቤ የነበሩት ሁለት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችም አያውቁም። ለካስ ላይ ሾላ የሚባለው በየቀኑ የምናየው፥ ዛሬ ባሕር ዛፍ የለበሰው ጉብታ ኖሯል። ሾላው ከወደቀ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው እኛ ልጆቹ «ባሕር ዛፉ» እያልን ነው የምንጠራው። አንድ አባት በኀዘኑ መካከል ራሳቸውን ነቅንቀው «እንዲያውም ሟቹ ስሙን ሁሉ ይዞት ወረደ በሉኛ» አሉ። ይህ ቃል ከልቤ አልወጣ አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ወደ አገር ስመለስ ጉዳዩን ለአጥቢያው ሰንበት ተማሪዎች አማከርኋቸው። ዐሥራ አንድ ሆነን ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ድረስ፥ ዝናቡን እየታገሥን፥ ከቅዳሴ በኋላና ከእርሻ ሥራ በተረፈን ሰዓት በየመንደሩ እየዞርን የቦታ ስም እንጽፍ ጀመር። የተጠቀምንበት ደብተር ተራ የተማሪ ደብተር ነበር። በየገጹ አራት ዐምድ አሠመርንበት፤ የመጀመሪያው ለስሙ፥ ሁለተኛው በቦታው ላይ ዛሬ ለሚታየው ነገር፥ ሦስተኛው ስሙ የወጣበት ምክንያት ነው ለሚባለው፥ አራተኛው ለነገረን ሰው ስም። እውነቱን ለመናገር አራተኛውን ዐምድ የጨመርነው ገጹ ሰፊ ስለ ነበረ ብቻ ነው። በኋላ ግን የሥራችን ሁሉ ቁልፍ እርሱ ሆኖ ተገኘ።

በሁለት ወር ውስጥ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ስም ሰበሰብን። በአንድ ለሃምሳ ሺህ መጠን የተሠራ ካርታ ላይ የእኛን አጥቢያ ብታዩ የምታገኙት ስም በጣት የሚቆጠር ነው። እረኛ ግን ላም ጠፋችብኝ ብሎ ሲጠራ በየመቶ እርምጃው ስም አለው። አፋፉ፥ ጉድባው፥ ምንጩ፥ የከብት መውረጃው፥ የጅብ ዋሻው፥ የድሮው አውድማ ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ በቦታው ለሌለ ነገር ምስክሮች ናቸው። ወይራ አፋፍ በሚባለው ቦታ አንድም ወይራ የለም፤ በጅብ ዋሻም ጅብ ካደረ ዘመን የለውም። እንግዲህ አንድ ወጣት የአገሩ ደን መቼና የት እንደ ጠፋ ማወቅ ቢፈልግ፥ የመጀመሪያው መጽሐፉ የቦታዎቹ ስም ነው ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር ለእኛ ለክርስቲያኖች እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 እንደምናነበው፥ ይስሐቅ አባቱ አብርሃም ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን ደፍነዋቸው ባገኘ ጊዜ እንደ ገና አስቆፈራቸው። በዚያም አላበቃም፤ አባቱ ባወጣላቸው ስም መልሶ ጠራቸው። ውሃውን ለማግኘት መቆፈር ብቻ ይበቃው ነበር። ስሙን መመለሱ ግን ውሃው ከማን እንደ ደረሰው ማመኑ ነው። በመጽሐፈ ኢያሱም ምዕራፍ 4 እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ የተከሉት ልጆች ወደ ፊት የድንጋዮቹን ነገር ሲጠይቁ አባቶች የሚመልሱት እንዲኖራቸው ነው። ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም፤ ጠያቂ ልጅና መላሽ አባት ያስፈልገዋል። እኛ ዘንድ የጠፋው ድንጋዩ አይደለም፤ ጠያቂው ነው።

ጠያቂ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ በጎጃም፥ በዓባይ አካባቢ፥ ጋፋት የሚባል ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ይናገር ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ የቋንቋውን ቃላት ሲሰበስብ፥ የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ እንደ ሆኑና ወጣቶቹ ጨርሶ እንደ ተዉት ተመልክቷል። ከመቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ዎልፍ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ ወደ አገሩ መጥቶ ብዙ ከደከመ በኋላ ያገኘው ተናጋሪ አራት ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ስለ ጋፋትኛ የምናውቀው ብዙው ነገር የተረፈው እነዚያን አራት ሰዎች ቁጭ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ስለ ተገኘ ነው። አራቱ ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ ዐርፈው ቢሆን ኖሮ ምን ይቀር ነበር? ይህን ሳስብ «ሟቹ ስሙን ሁሉ ይዞት ወረደ» ያሉት አባት ቃል ይመጣብኛል።

በሌላ በኩል ደግሞ ስም ከነገሩ በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። በሞጣ በኩል በዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የማያውቅ የለም። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገርለታል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላትን መተላለፊያ ለመቁረጥ መካከሉን አፈረሱት። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በገመድ እየተሳበ ሲሻገርበት ኖረ። በኋላ ዘመን ተጠግኗል፤ ጥገናው ዳግመኛ ፈርሶ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለታል። ስሙ ግን ሰባራ ድልድይ እንደ ሆነ ቀርቷል። ማንም ሐውልት ባያቆምለት፥ የዚያ ዘመን ተጋድሎ በየገበያተኛው አፍ ላይ ሲነሣ ይኖራል።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ስም ይመዝገብ የሚያሰኝ ነው። በዚህ የሚከራከረኝ የሚኖር አይመስለኝም። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚመጣው መጻፍ ሲጀመር ነው። እኛም ሦስት ችግር ገጠመን።

አንደኛው ችግር የሁለት ስም ችግር ነው። ከቤተ ክርስቲያኗ በስተ ምሥራቅ ያለውን ኮረብታ ካህናቱ በአንድ ስም፥ እረኞቹ በሌላ ስም፥ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደግሞ በሦስተኛ ስም ይጠሩታል። ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው? ከመካከላችን አንዱ «የካህናቱ ስም የግእዝ ስለ ሆነ እርሱን ብቻ እንጻፍ፤ የእረኞቹ ትርጉም የለሽ ነው» አለ። ይህ አሳብ ለጊዜው ደስ አሰኝቶን ነበር። ነገር ግን በአካባቢያችን ትርጉሙ የማይታወቅ ስም ሁሉ ትርጉም የለሽ ነው ማለት አይቻልም። በጎጃም ምድር ከአማርኛ ቀድሞ አገውኛ ይነገርባቸው የነበሩ ቦታዎች ብዙ ናቸው። ለእኛ ባዶ ድምፅ የሚመስለን ስም ለሌላው ቃል ሊሆን ይችላል። እኛ ስላልገባን ብቻ ብንሠርዘው የጋፋትን ታሪክ በገዛ እጃችን መድገማችን ነው።

ደግሞም ስም ሲለወጥ አዲስ ነገር አይደለም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ባሠሩ ጊዜ መንቆረር ደብረ ማርቆስ ተብላለች። ቀድሞ ወጀት የምትባለውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በጎጃም ማለፋቸውን ተከትሎ ፍኖተ ሰላም እንደ ተባለች ይነገራል። አዲሱ ስም መልካም ነው፤ የሰላም መንገድ መባልን የማይወድ ማን ነው? ነገር ግን መንቆረርን ወይም ወጀትን ከነጭራሹ የረሳ ሰው፥ ከተማዋ ከዚያች ቀን በፊት ሰው ያልኖረባት ይመስለዋል። ስለዚህ በደብተራችን ላይ ሦስቱንም ስም ጻፍን፤ በእያንዳንዱም ፊት ለፊት «ካህናቱ እንዲህ ይሉታል፥ እረኞቹ እንዲህ ይሉታል፥ ቀበሌው እንዲህ ይለዋል» ብለን አሰፈርን።

ሁለተኛው ችግር የድንበር ነው። አንድ ባላገር ቤት ገብተን ደብተር ስናወጣ ባለቤቱ ፊታቸው ተለወጠ። «አባቴ ቀላድ ጣይ ያባረረ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ በእርጅናዬ መሬቴን ለተማሪ አላስጽፍም» ብለው ተነሡ። በመጀመሪያ ይህ ያለመማር መስሎኝ በልቤ ታዝቤያቸው ነበር። በኋላ ግን ነገሩን ሳጠናው ያልተማርሁት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በብዙ ወረዳዎች ሲነሣ፥ ሥጋቱ ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ተለክቶ በወረቀት ከተጻፈ ርስቱ ከእጁ ይወጣል ብሎ ፈርቶ ነበር። በርስት ዘመን አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው የትውልድ ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ነውና፥ የቦታን ስም ማወቅ ማለት መብትን ማወቅ ማለት ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ ርስት ቀረ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ መሬት ዳግመኛ ተደለደለ። ገበሬው በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ያየው አንድ ነገር ነው፤ ብዕርና ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ አንድ ነገር ይወሰዳል። ያ ሽማግሌ የፈሩት እኛን አልነበረም፤ ከእኛ በፊት የመጡትን ነው።

ፍርሃታቸው እውነት እንደ ነበረ ብዙም ሳንቆይ አየን። በሁለት ቤተ ሰቦች ማሳ መካከል አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። አንደኛው ወገን «የአባቶቻችን የድንበር ድንጋይ ነው» ብሎ ነገረን፤ እኛም እንደ ተነገረን «የድንበር ድንጋይ» ብለን ጻፍን። በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሌላው ወገን መጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ። «ድንጋዩ የድሮ አውድማ ድንጋይ ነው፤ እናንተ ልጆች በቤተ ክርስቲያን ስም መሬታችንን ልታስወስዱብን ነው» ብለው ክፉኛ ተቈጡ። ነገሩ ወደ ጠብ ሊያመራ ሲል ቄሰ ገበዙ መጡ። ደብተሩን ተቀብለው ገጹን አነበቡና «ልጆቼ፥ እናንተ ስም ጻፉ፤ ፍርድ አትጻፉ» አሉን።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 22 የቀደመውን ድንበር እንዳናፈልስ ያስጠነቅቀናል። እኛ ይህን ትእዛዝ ሁልጊዜ የምንረዳው ድንጋዩን በእጁ ስለሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ከዚያች እሑድ ወዲህ ግን ድንበር በብዕርም እንደሚፈልስ ዐወቅሁ። በአንድ ወገን ቃል ብቻ «የድንበር ድንጋይ» ብሎ የጻፈ ሰው ድንጋዩን ሳይነካው አንቀሳቅሶታል። ጽሑፋችንንም አስተካከልነው፤ «ትልቁ ጥቁር ድንጋይ፤ እነ እገሌ የድንበር ነው ይላሉ፤ እነ እገሌ የአውድማ ነው ይላሉ» አልን። ሁለቱም ወገኖች ሲነበብላቸው ዝም አሉ። አልታረቁም፤ ነገር ግን ማንም ተበደልሁ አላለም።

ቄሰ ገበዙ በዚያው ዕለት አንድ ነገር አስታወሱን። ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት ጀምሮ የመሬት ስጦታንና የወሰንን ነገር በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ስትጽፍ ኖራለች። በዚያም ጽሑፍ ላይ የምስክሮች ስም ይዘረዘራል። አባቶቻችን ያለ ምስክር አልጻፉም። እኛ ገጹ ሰፊ ስለ ሆነ የጨመርነው አራተኛ ዐምድ ለእነርሱ የጽሑፉ አከርካሪ ነበር።

ወደ ሦስተኛው ችግር ልምጣ። ይህን ለመጻፍ ከሁሉ ይልቅ ከብዶኛል።

ከአጥቢያችን በታች፥ ወንዝ ዳር፥ ሸክላ የሚሠሩና ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተ ሰቦች የሚኖሩበት መንደር አለ። መንደሩን አገሩ ሁሉ የሚጠራበት ስም ስድብ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ሁላችሁም በየአገራችሁ እንዲህ ያለ ስም ታውቃላችሁ። ሠራተኛን በሥራው ምክንያት ጠይብ፥ ቡዳ እያሉ መስደብ አገራችን ለረጅም ዘመን የኖረችበት ኃጢአት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ የመንደሩ ስም ግን አልተለወጠም። እኔ ራሴ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ከኮረብታው ላይ ሆኜ ያንን ስም ወደ ታች ስጮኽበት ነበር። ማንም አልተቈጣኝም።

እንግዲህ ይህ ስም በደብተራችን ይግባ ወይስ አይግባ? በሰንበት ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ተከራከርንበት። አንዲት እኅታችን «የጻፍነው እንደ ሆነ ስድቡን ለልጅ ልጅ እናወርሳለን፤ ሳይጻፍ ይሙት» አለች። አንዱ ወንድማችን ደግሞ «መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ኃጢአት አልደበቀም፤ እውነቱን ከደበቅን መዝገባችን የውሸት መዝገብ ነው» አለ። ሁለቱም አሳብ ልብ ይነካል። እኔም ወደ ሁለቱም ሳዘነብል ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አለን፤ ስለዚያ መንደር ስንከራከር ሳምንት ሙሉ ከመንደሩ ማንንም አልጠየቅንም ነበር።

አራት ሆነን ወረድን። አንዲት አሮጊት እናት ደጃፋቸው ላይ ጭቃ ሲለውሱ አገኘናቸው። የመጣንበትን ነገርናቸው። «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። የአያቴን ስም ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «አያትህ የኔን እንስራ ሲገዛ ኖሯል፤ ከቤቴ ግን ውሃ ጠጥቶ አያውቅም» አሉ። ቃላቸው ቍጣ አልነበረበትም። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብተው ጠላ ቀዱልን። ዋንጫውን ስቀበል እጄ ጥቂት እንደ ዘገየ አልደብቃችሁም። እርሳቸውም ሳያዩት አልቀሩም። ጠጣሁ።

በኋላ መንደራቸውን እነርሱ ራሳቸው ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠየቅናቸው። ለካስ ስም አለው፤ ሸክላ በሚሠሩበት አፈር የተሰየመ ያማረ ስም ነው። ከእኛ ሁለት ሰዓት የማይርቅ መንደር ነው፤ እኔ ግን ይህን ስም በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለ ሌላውስ ስም፥ ስለ ስድቡ፥ ምን እናድርግ ብንላቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው እንዲህ አሉን፤ «ጻፉት። ካልጻፋችሁት ልጆቼ በገበያ ለምን ፊት እንደ ተነሣን አያውቁም። ነገር ግን ስማቸው ይህ ነው ብላችሁ አትጻፉ። እኛ እንዲህ እያልን ሰደብናቸው ብላችሁ ጻፉ።»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ስብሰባችን ሳምንት ሙሉ ያልፈታውን ነገር እኒህ ፊደል ያልቈጠሩ እናት በአንድ ትንፋሽ ፈቱት። የክርክራችን ስሕተት ስሙን ብቻ መመልከታችን ነበር። ጠሪውን ረስተነዋል። «ይጻፍ» ያለውም «አይጻፍ» ያለችውም ስሙ የመንደሩ ነው ብለው ተነሥተው ነበር። ስሙ ግን የመንደሩ አልነበረም፤ የእኛ ነበር። የእነርሱን ማንነት የሚገልጽ ቃል ሳይሆን የእኛን በደል የሚገልጽ ቃል ነው።

ወደ ይስሐቅ ጉድጓዶች ልመለስ። በዚያው ምዕራፍ የይስሐቅ ሎሌዎች አዲስ ጉድጓድ በቈፈሩ ጊዜ የጌራራ እረኞች ተጣሏቸው። ይስሐቅም አንዱን ጉድጓድ ዔሴቅ፥ ሌላውን ስጥና አለው፤ የጠብና የጠላትነት ስም ነው። የሚጣላቸው ሲያጡ ደግሞ ሦስተኛውን ርኆቦት አሉት፤ ስፋት አገኘን ማለታቸው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ርኆቦትን ጽፎ ዔሴቅንና ስጥናን አልሠረዘም። ይህን ወንድማችን በስብሰባው ላይ አንሥቶት ቢሆን ኖሮ ክርክሩን ያሸነፈ በመሰለው ነበር። ልብ በሉ ግን፥ እነዚያን የጠብ ስሞች ያወጣው የተበደለው ነው። ምስክርነቱ ከተበዳዩ አፍ የወጣ ነው። የእኛ መንደር ስም ግን ከበዳዩ አፍ የወጣ ነው። ሁለቱ በአንድ ዐምድ ያለ ልዩነት ሊጻፉ አይችሉም።

ስለዚህ እኔ የደረስሁበት መደምደሚያ ይህ ነው። ስም ያለ ጠሪው ግማሽ እውነት ነው። ኮረብታው ሦስት ስም ስላለው አይዋሽም፤ ሦስት ዓይነት ሰው ይኖርበታልና። ድንጋዩም ሁለት ነገር ስለ ተባለለት አይዋሽም፤ ሁለት ወገን ይጣላበታልና። ውሸት የሚመጣው መዝጋቢው የሰማውን ሁሉ አፍርሶ በራሱ ድምፅ «ይህ ቦታ እንዲህ ይባላል» ሲል ነው።

ይህ ፈተና በታላላቅ ሰዎችም ላይ ደርሷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ሰከላ መጥቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ባየ ጊዜ፥ የምንጩ ፈላጊና አግኚ እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ካህን ግን እ.ኤ.አ. በ1618፥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፥ በዚያው ቦታ ቆሞ ነበር። ከፓኤዝም በፊት የአገሩ ሰው ምንጩን ያውቀው፥ ይጸበልበት፥ በስም ይጠራው ነበር። ሕዝቡ ዛሬም ድረስ ግሽ የሚለውን ስም ከአቡነ ዘርዓ ብሩክ ገድል ጋር ያያይዘዋል። ጻድቁ ለውሃው አደራ የሰጡትን መጻሕፍት «ጓሥዕ» ብለው ባዘዙት ጊዜ ውሃው ሳያበላሽ መለሰላቸው፤ ግሽ የተባለውም ከዚህ ነው ይላሉ። ብሩስ በዚያ ዘመን መከራ ታግሦ ብዙ የጻፈ ሰው ነው፤ ድካሙን አልንቅም። ዳሩ ግን መንገዱን የመሩትና ስሙን የነገሩት ሰዎች ባይኖሩ «አገኘሁ» የሚለውን ቃል ከየት ያመጣው ነበር? መዝጋቢ ተቀባይ እንጂ አግኚ አይደለም።

«የቦታ ስም የማን ነው?» ብዬ ነበር የጀመርሁት። እግዚአብሔር አዳምን ፍጥረቱን በስም እንዲጠራ ቢያመጣለትም ፍጥረቱን አልሸጠለትም። ስም መጥራት ሥልጣን ብቻ ሳይሆን አደራ ነው። ስለዚህ የቦታ ስም የመዝጋቢው አይደለም፤ የቀበሌውም፥ የካህኑም ብቻውን አይደለም። በዚያ ስም ጠርተው ከኖሩትና ገና ከሚጠሩት ሁሉ የተቀበልነው የጋራ አደራ ነው። አደራ ተቀባይ ደግሞ ከማን ምን እንደ ተቀበለ መናገር አለበት።

በየአጥቢያችሁ ይህን ሥራ ልትጀምሩ ብታስቡ፥ እንደ ታናሽ ወንድም ሦስት ነገር ላሳስባችሁ። መጀመሪያ፥ ስሙን ስትጽፉ የነገራችሁን ሰው ወይም ወገን አትርሱ፤ ፈቃዱንም ጠይቁ። ሁለተኛ፥ የጻፋችሁትን መልሳችሁ ለተናገረው ሰው አንብቡለት፤ ሳይነበብለት የቀረ ቃል ከአፉ እንደ ተሰረቀ ይቈጠር። ሦስተኛ፥ ከሁሉ አስቀድማችሁ ማንም ጠይቋቸው ወደማያውቅ ሰዎች ቤት ሂዱ። የአጥቢያው መዝገብ ከታላላቆቹ ደጅ ተጀምሮ በዚያው ካለቀ፥ የታላላቆቹ መዝገብ እንጂ የአጥቢያው መዝገብ አይደለም።

ደብተሩ ዛሬ በሁለት ቅጂ ተገልብጦ አንዱ በቤተ ክርስቲያኗ ዕቃ ቤት፥ ሌላው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ይገኛል። የወንዝ ዳሩ መንደር የተጻፈው ነዋሪዎቹ በሚጠሩት ስም ነው። ከሥሩ፥ በሦስተኛው ዐምድ፥ እኒያ እናት እንዳሉን «እኛ የላይኞቹ እንዲህ እያልን ስንሰድባቸው ኖረናል» የሚል ቃል አለ። በአራተኛው ዐምድ ላይ የነገረን ሰው ስም ሊጻፍ ሲል ጓደኞቼ የእርሳቸውን ስም ሊያስገቡ ነበር። እኔ ግን ስድቡን ከእርሳቸው እንዳልሰማሁት አሰብሁ። ብዕሩን ተቀብዬ የራሴን ስም ጻፍሁበት።

የአባቶቻችን አምላክ ደጉንም ክፉውንም በእውነት የምናስታውስበት ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።